ለሐኪሞቹ ያልነገርኳቸው ዱላ

ልብህ ድንገት ድው ድው ሲል፣ ትንፋሽህ ሲያጥር፣ «አለቀልኝ» ብለህ ወደ ክሊኒክ የምትሮጥ ወንድሜ፣ የምትሮጪ እህቴ፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። ሂዱ፣ ተመርመሩ፤ አልከለክልም። ግን ሐኪሙ «መቼ ጀመረህ? ያን ሰሞን ምን ገጠመህ?» ሲላችሁ እውነቱን ንገሩት። እኔ አልተናገርኩም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እያልኩ ሰው ስመክር ኖሬ፣ ተራው የራሴ ሲሆን ተረቱን ረሳሁት። አሥር ወር ከክሊኒክ ክሊኒክ የተንከራተትኩት ሐኪም ጠፍቶ ሳይሆን ዋሽቼ ነው። ስለዚህ እዚህ ጽሑፍ ላይ የማንንም ሐኪም ስም አላጠፋም፤ የሚጠፋ ስም ካለ የእኔው ነው።

ሸምሱ እባላለሁ። ቡራዩ ውስጥ ሚስማር፣ ቆርቆሮ፣ ቧንቧና ሽቦ የምሸጥበት ሱቅ አለኝ። ሱቁን የከፈተው በልጅነቱ ከስልጤ የመጣው አባቴ ነው፤ አላህ ይዘንለትና እሱ እርጋታ ነበረው። እኔ ችኩል ነኝ። ሻይ ሳይበርድ እጠጣና ምላሴን አቃጥላለሁ፤ ደንበኛ ንግግሩን ሳይጨርስ ዕቃ አወርዳለሁ፤ ብዙ ጊዜም የወረደው ዕቃ ሌላ ነው። ሶላት ስሰግድ እንኳ ግንባሬ መሬቱን ነክቶ ሳያርፍ ብድግ ስለምል፣ አባቴ «ይሄ ልጅ ይሰግዳል ወይስ እንደ ዶሮ ጥሬ ይለቅማል?» ይለኝ ነበር። እስቅ ነበር። ያኔ ቀልድ መስሎኝ ነበር።

ጊዜው የማስተር ፕላኑ ረብሻ የተነሳበት ነው። አዲስ አበባ ወደ ዙሪያዋ ከተሞች ልትሰፋ ነው ተባለ፤ ገበሬው መሬቴ ሊሄድ ነው አለ፤ ወጣቱ መንገድ ወጣ። በዚያ ሰሞን ነጋዴ ሁለት አዛዥ ነበረው። ጠዋት «አድማ ነው፣ ዝጉ» የሚል ወረቀት በበር ሥር ይገባል፤ ካልዘጋህ ድንጋይ ይመጣብሃል። ረፋድ ላይ ደግሞ ከቀበሌ መጥተው «ክፈቱ» ይላሉ፤ ካልከፈትክ ሱቅህ ይታሸጋል። እኔ ታዲያ ዘዴ አገኘሁ። ወደ ታች የሚጎተተውን የብረት መዝጊያ እስከ ወገቤ ድረስ ብቻ እከፍተዋለሁ። ወጣቶቹ ሲመጡ «ይኸው እየዘጋሁ ነው» እላለሁ፤ የቀበሌዎቹ ሲመጡ «ይኸው እየከፈትኩ ነው» እላለሁ። «ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ይባል የለ? ጎረቤቶቼም ከእኔ ቀዱ፤ በመንገዳችን «የሸምሱ አከፋፈት» የሚል ስም ወጣለት። ደንበኛ ጎንበስ ብሎ ይገባል፣ ጎንበስ ብሎ ይወጣል። እኔ አንድ እጄን መዝጊያው ላይ፣ ጆሮዬን መንገዱ ላይ አድርጌ ቀኑን ሙሉ እቆማለሁ። ይህን ስጽፍ የሚያሳፍረኝ በዘዴዬ የነበረኝ ኩራት ነው።

አሁን ስለ ኦቦ ለሚ ልንገራችሁ። ኦቦ ለሚ በገፈርሳ በኩል የሚኖሩ ገበሬ ናቸው፤ ከአባቴ ጊዜ ጀምሮ ደንበኛችን። ማክሰኞ ማክሰኞ ገበያ ሲመጡ የገዙትን ሁሉ እኛ ጋር አስቀምጠው፣ ገበያቸውን ጨርሰው ሲመለሱ ይወስዱታል። ጊዜ ከተረፋቸው ባዶ የቀለም ባልዲ ገልብጠው ይቀመጡና ስለ ዝናብና ስለ በሬ ያወሩኛል። ስሜን አይጠሩም፤ «ደንበኛ» ነው የሚሉኝ። ቀይ የወይራ ዱላ አላቸው። ጫፉ በኮብልስቶኑ እየተበላ ሲያስቸግራቸው፣ ከግማሽ ኢንች ቧንቧ ቁራጭ ወስጄ በመዶሻ እየመታሁ የገጠምኩላቸው እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ ሲራመዱ ዱላቸው ቀጭ፣ ቀጭ ይላል፤ ከሩቅ እንለያቸዋለን።

አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ከላይ በኩል ጩኸት ተሰማ። ሰው ቁልቁል ይሮጣል፤ የሚያስለቅሰው ጭስ ከኋላው ይከተላል። መዝጊያውን ያዝኩ። ያኔ ቀጭ ቀጭ ቀጭ የሚለውን ሰማሁ፤ በዚያ ፍጥነት ሰምቼው አላውቅም። ኦቦ ለሚ ሰባ ዓመት አልፏቸው እየሮጡ ነው። ደጃፌ ደርሰው ጎንበስ አሉ። ፊታቸውን አላየሁም፤ ጉልበታቸውንና እጃቸውን ብቻ አየሁ። «ሸምሱ፣ ናፍ ባኒ!» አሉኝ፤ ክፈትልኝ ማለት ነው። በስሜ ሲጠሩኝ የመጀመሪያቸው ነበር።

ዘጋሁት። ማለቴ ልዘጋው ሳብኩት፤ አልዘጋም አለ። ዱላቸውን ከሥሩ አስገብተውት ነበር። በእግሬ ጠልፌ ወደ ውስጥ ጎተትኩት። ሌላውን ጫፍ በውጭ በኩል ይዘውታል። ለአንድ አፍታ እኔና እሳቸው ዱላ ተጓተትን። አሸነፍኳቸው። መዝጊያው ወረደ፤ ከውስጥ ቆለፍኩት። በመዳፋቸው አንድ ጊዜ መቱት፤ ሁለተኛ አልመቱም።

እሳቸው ከገቡ የሚሮጠው ሁሉ ይገባል፣ የሚያባርረውም ተከትሎ ይገባል የሚል ሰበብ አለኝ። ግን ሰበቡን ያገኘሁት በማግስቱ ነው። ዱላውን ስጎትት ምንም አላሰብኩም ነበር።

ማምሻውን ወሬው ደረሰኝ። ኦቦ ለሚ ሕዝቡ ሲገፋፋ ቦይ ውስጥ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰንጥቋል። ሚስቴ ዘይነባ «እዚያው እኛ ሱቅ አጠገብ እኮ ነው አሉ፤ አላየሃቸውም?» ስትለኝ «ሱቅ አልነበርኩም» አልኳት። ዱላውን ከቧንቧዎቹ ኋላ አቁሜው ነበር። ልጥለው አልቻልኩም፣ ልመልሰውም አልቻልኩም። የእኛ መንገድ ሦስት ሱቆች በዚያው ሳምንት በድንጋይ ሲደበደቡ የእኔ አልተነካም። ዘዴዬ ሠራ ብዬ አመንኩ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት መዝጊያውን ላነሳ ስይዘው ብረቱ ሲንኳኳ ልቤ ዘለለ። ከዚያ አልቆም አለ። ትንፋሼ አጠረ፣ ግራ እጄ ደነዘዘ፣ ከንፈሬን ወረረኝ። ሲሚንቶ ላይ ተቀመጥኩና ሞቴ ነው ብዬ ሸሃዳ ያዝኩ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ለቀቀኝ፤ ላብ በላብ ሆኜ እንደ ጤነኛ ሰው ተነሳሁ። በሳምንቱ ደገመኝ። ከዚያ በየቀኑ ሆነ። ብረት ሲንኳኳ፣ ሰው በስሜ ሲጠራኝ፣ ኋላ ኋላ ደግሞ ያለ ምንም ምክንያት።

የመጀመሪያው ክሊኒክ ደም ወስደው «ታይፎይድም ታይፈስም አለብህ» አሉኝ። ለአገራችን ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ ጣቱ የቆሰለ ሰው ቢሄድም ሁለቱ አይጠፉበትም። ግን እኔም «ያተኩሰኛል፣ ይቆረጥመኛል» ብዬ ጨምሬባቸዋለሁ፤ ዝም ብሎ ልቤ ይመታል ማለት አሳፍሮኝ ነበር። መርፌውን ተወግቼ ስጨርስ ልቤ እንደ ቀድሞው ይዘላል፤ አሁን መቀመጫዬም ያመኛል።

ሁለተኛው ክሊኒክ ዓለም ገና ከተማ ነው። እኅቴ እዚያ ስለምትኖርና የቡራዩ ሰው እንዳያየኝ ስለፈለግሁ ሄድኩ። ጠበቅሁ። የመጠበቂያውን አግዳሚ ወንበር አልረሳውም፤ አንዱ እግሩ አጭር ስለሆነ ሰው በተነሳ ቁጥር ሁላችንም እንወዛወዛለን። ተራዬ ሳይደርስ ያዘኝ። እየተንቀጠቀጥኩ ሳለሁ ከጎኔ ሕፃን ያቀፈች ገጠሬ እናት፣ «ወንድሜ በርዶሃል» ብላ ልጇን የሸፈነችበትን ፎጣ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገችልኝ። ማንነቴን አታውቅም። ፎጣው ወተት ወተት ይሸታል። የማላውቃት ሴት ያላትን አካፈለችኝ፤ እኔ የማውቃቸው ሰው ላይ ምን እንዳደረግሁ ትዝ አለኝና ተነስቼ ውጭ አለቀስኩ። ገብቼ ግን ለሐኪሙ የነገርኩት «ሲሚንቶ ስሸከም ጀመረኝ» የሚል ነው። በዚያ ቀን የጡንቻ መድኃኒት ጻፈልኝ። ምን ያድርግ? እኔ የሰጠሁትን ነው ያከመው።

ሦስተኛው ሰበታ ከተማው ውስጥ ነው፤ የጨጓራ ባክቴሪያ አሉ። አሥራ አራት ቀን ኪኒን ዋጥኩ። አራተኛው አዲስ አበባ የልብ ሐኪም ጋ ነበር። ደረቴ ላይ ሽቦ ለጥፈው፣ በማሽን ልቤን በቴሌቪዥን አሳዩኝ። ሐኪሙ «ይሄ ልብ ከእኔ ልብ ይሻላል» ብሎ ሳቀ። ሰው ልብህ ጤነኛ ነው ሲባል «አልሐምዱሊላህ» ይላል። እኔ ተናደድኩ። በሽታው ልቤ ላይ ካልሆነ የት እንደሆነ አውቀው ነበርና።

ቤት ውስጥ ደግሞ ሰላም ጠፋ። አብረን ስንበላ ድንገት ተነስቼ በረንዳ እወጣለሁ። ልጆቹ ማንኪያ ሲጥሉ እጮሃለሁ። ማታ መብራት ጠፍቶ ሁሉም ሲተኛ ግድግዳውን ተደግፌ ትንፋሼን እቆጥራለሁ፤ ከተኛሁ የምሞት ይመስለኛል። ዘይነባ መጀመሪያ ዓይን ነው አለች፤ ሰው ጠርታ ቁርኣን አስቀራችልኝ። ቀጥላ ሌላ ሴት አለህ ወይ አለችኝ። ሴት ብትሆን ይሻል ነበር፤ ቢያንስ ሰው የሚያምነው ሰበብ ይሆነኝ ነበር።

አምስተኛዋ ሐኪም ሴት ናት፤ ወረቀቶቼን ሁሉ አንድ በአንድ አየች። ከዚያ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ያመህ የድንገተኛ ፍርሃት ሕመም ነው» አለችኝ። «አደጋ ሲመጣ ሰውነት ለመሸሽ ይዘጋጃል፤ ልብ ይፈጥናል፣ ደም ወደ እግር ይሄዳል። ያንተ ሰውነት አደጋው ካለፈም በኋላ እየሸሸ ነው። ውሸት አይደለም፤ እብደትም አይደለም። ከምን እንደሚሸሽ ግን እኔ አላውቅም። አንተ ታውቃለህ?»

«ሲሚንቶ ስሸከም…» ብዬ ጀመርኩ።

«እሺ» አለች። አልተቆጣችም። ትንሽ ኪኒን አዘዘችልኝ፤ እሱንም ሳላቋርጥ ውጫለሁ፤ ጠቅሞኛልም። ከዚያ ሌላ ወረቀት ላይ የአንዲት አሰልጣኝ ስልክ ጻፈችልኝ። ሱሉልታ ለሯጮች ዮጋ የምታሠራ ናት። «መቆም ካልቻልክ መናገርም አትችልም፤ መጀመሪያ መቆም ተማር» አለችኝ።

ዮጋ! እኔ የማውቀው በቴሌቪዥን ነው፤ ቀጭን ሰው እግሩን አንገቱ ላይ ሲያደርግ። የመስጊዳችንን ሸኽ በጓሮ በር ሄጄ ጠየቅኋቸው፤ አፍሬ «አንድ ጓደኛዬ» ብዬ ነው የጠየቅሁት። «እዚያ የሚደገም ቃል አለ?» አሉኝ። የለም፣ መተንፈስና መተኛት ነው አልኳቸው። «መተንፈስ ማን ከለከለ?» አሉና ፈገግ ብለው «ጓደኛህ አላህ ያሽረው» አሉኝ። ለዘይነባ ግን የወገብ ሕክምና ነው አልኳት። እንደምታዩት ውሸት ሱስ ሆኖብኝ ነበር።

ሱሉልታ ነፋሱ ይቆርጣል። አዳራሹ ፎቅ ላይ ነው፤ ወለሉ ላይ ስስ ምንጣፎች ተዘርግተዋል። እንደ ሽምብራ ገለባ የደረቁ ሯጮች ተደርድረዋል፤ በመካከላቸው እኔ፣ ከነቦርጬ፣ በልጄ ቱታ። አሰልጣኟ ትርሲት ትባላለች። እሷም ሯጭ ነበረች፤ ጅማቷ ተበጥሶ ውድድር ካቆመች በኋላ ነው ይህን የተማረችው። «ጋሽ ሸምሱ፣ የሚችሉትን ብቻ» አለችኝ። ማጎንበሱንም መዘርጋቱንም እያቃሰትኩ ተወጣሁት። መጨረሻ ላይ በጀርባችን አስተኛችንና እጃችንን ፈታ አድርገን እንዳንንቀሳቀስ ነገረችን። ሥራው ይኼው ነው፤ ምንም አለማድረግ።

አንድ ደቂቃ አልቆየሁም። ዝምታው ውስጥ የመዳፍ ምት ሰማሁ፤ አንዲት ምት፣ ብረት ላይ። ተነስቼ ሰው እየረገጥኩ ወጣሁ፤ በካልሲ አስፋልቱን ተሻገርኩ። ማቆሚያው ጋ ሚኒባስ ውስጥ ገብቼ ከተቀመጥኩ በኋላ ረዳቱ እግሬን ሲያይ ነው ጫማዬን መተዌ የገባኝ። ሰው ሁሉ ያየኛል። ወርጄ ተመለስኩ።

ጫማዬ በሩ ላይ፣ ጫፉ ወደ ውጭ ዞሮ፣ በሥርዓት ተቀምጧል። ትርሲት ቆማለች። አንድ እግሬን አስገብቼ ሌላውን ውጭ አድርጌ ይቅርታ መደርደር ጀመርኩ።

«ጋሽ ሸምሱ፣ ጫማዎትን ሊወስዱ ነው የመጡት ወይስ ሊገቡ?» አለችኝ። «ሁለቱም ይቻላል። ግን አንዱን ይምረጡ፤ ደፍ ላይ ቆመው ሁላችንንም ነፋስ አስመቱን።»

ሯጮቹ ሳቁ። እኔ ግን ሱቄን ነው ያየሁት፤ ግማሽ የተከፈተውን መዝጊያና ሥሩ የቆመውን ሰውዬ። ዘዴ ያልኩት ነገር አለመምረጥ ነበር። እስከ ወገብ የተከፈተ በር ለማንም አልተከፈተም፣ ለማንም አልተዘጋም፤ ኦቦ ለሚ ሲመጡ ለእሳቸው የወሰነላቸው እኔ ሳልሆን ፍርሃቴ ነው። ገባሁ። ጫማዬን ከበሩ አርቄ አስቀመጥኩት።

ሐሙስና ቅዳሜ መመላለስ ጀመርኩ። ትርሲት ብዙ አታወራም፤ አንድ ሕግ ግን አላት። አንድ አቋቋም ላይ ጉልበትህ ሲንቀጠቀጥ መውጣት ይፈቀዳል፤ ነገር ግን ከመውጣትህ በፊት አንድ ትንፋሽ ቆይተህ፣ በልብህ «እየወጣሁ ነው» ብለህ ነው። «መሸሽና መውጣት ለሚያይ ሰው አንድ ናቸው» ትላለች፤ «ልዩነቱን የሚያውቀው ባለቤቱ ነው።» መጀመሪያ አንዷን ትንፋሽ መቆየት አልችልም ነበር። ከዚያ አንድ ቻልኩ። ከዚያ ሦስት። ልቤ ሲዘል አልሮጥኩም፤ እንደተኛሁ ዘለለ፣ ዘለለ፣ ደከመው። ያን ቀን ከሱሉልታ እስከ ቡራዩ መስኮት ዳር ተቀምጬ የመጣሁት ከታመምኩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው፤ ለወትሮው በር አጠገብ ካልሆነ አልሳፈርም ነበር።

ጉልበትን አጥፎ፣ ግንባርን መሬት አስነክቶ የሚቆይ አቀማመጥ አለ። ትርሲት የሕፃን አቀማመጥ ትለዋለች። እኔ ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ በቀን አምስት ጊዜ ግንባሬን መሬት አስነክቻለሁ፤ እዚያ ላይ አርፌ ግን አላውቅም። የአባቴ ዶሮ ትዝ አለችኝ። በዚያው ማታ ቤቴ ስሰግድ ሱጁድ ላይ ቆየሁ። አጥንቶቼ ቦታ ቦታቸውን እስኪይዙ ቆየሁ። እና አፈርኩ፤ በፊቴ ያለው ሁሉን የሚያይ ነውና የሲሚንቶውን ታሪክ ለእሱ ልነግረው አልቻልኩም። ያን ያህል ዓመት ቶሎ ቶሎ እነሳ የነበረው ለካ እንዲህ ያለውን ለመሸሽ ኖሯል።

ዘይነባ አንድ ዓርብ ምንጣፉን አገኘችው። «ሱሉልታ ምን አለ? የወገብ ሕክምና ምንጣፍ ይዞ ይኬዳል?» አለችኝ። እውነቱን ነገርኳትና ሳሎን መሬት ላይ በጀርባዬ ተዘርግቼ አሳየኋት። በወራት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቧ ሳቀች። «እንዲህ ለመተኛት ነው ትራንስፖርት የምትከፍለው?» አለች። ከዚያ ሳቋን አቆመችና አጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጠች።

«ሸምሱ፣ የኦቦ ለሚ ዱላ ከቧንቧው ኋላ ምን ይሠራል?»

ለረመዳን ሱቁን ስትጠርግ አግኝታው ኖሯል። ወራት ሙሉ ታውቃለች። ዝም ያለችው እኔ እስክናገር ነበር። ልነሳ ፈለግሁ፤ እግሬ ተነቃነቀ። አንድ ትንፋሽ ቆየሁ። በጀርባዬ እንደተኛሁ፣ ጣሪያውን እያየሁ ሁሉንም ነገርኳት፤ መጓተቱን ሳይቀር፤ ማሸነፌን ሳይቀር። ስጨርስ «አይዞህ» ትለኛለች ብዬ ጠበቅሁ። አላለችም። «ያ አላህ» አለች ቀስ ብላ። «ለእኔ ምን ትነግረኛለህ? ባለቤቱ በሕይወት አሉ አይደል?»

በማግስቱ ለሐኪሟም ነገርኳት። ሰማችኝና «ሲሚንቶው ቀለለህ?» አለችኝ። አልቀለለኝም፤ ገና አላወረድኩትም ነበር።

እሑድ ዕለት ዱላውን ይዤ ወደ ገፈርሳ ሄድኩ። ከአስፋልቱ ወርጄ በእግር መንገዱ ስሄድ ዱላው በእጄ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። ድምፁን የሚያውቁ ሰዎች ከየአጥሩ ቀና እያሉ አዩኝ። ተሸክሜው ብሄድ ድምፁን ባጠፋሁት ነበር፤ ግን እንዲሰማ መሬት እያስነካሁት ሄድኩ። መሬቱ ላይ የቀያሽ ችካል እዚህም እዚያም ቆሟል። ኦቦ ለሚ ከቤታቸው ፊት ግንድ ላይ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ያልተላጠ የባሕር ዛፍ እንጨት አለ፤ የሚደገፉበት እሱ ነው። ከስተዋል።

«አካም ጂርቱ፣ ኦቦ ለሚ» ብዬ ሰላምታ ሰጠሁ።

ዱላውን አዩት። ከዚያ እኔን። «ታኢ» አሉኝ፤ ተቀመጥ ማለት ነው።

ተቀመጥኩ። ልቤ ጀመረ፤ ግራ እጄ ደነዘዘ፤ ከንፈሬን ወረረኝ። እግሬ ወደ አጥሩ በር ዞሯል። አንድ ትንፋሽ። ሌላ። «ሱቅ ውስጥ ነበርኩ» አልኩ። «ድምፅዎን ሰምቻለሁ። መዝጊያውን የሳብኩት እኔ ነኝ። ዱላውን የወሰድኩብዎትም እኔ ነኝ።» ሰበብ አልጨመርኩም፤ አፌ ላይ መጥቶ ነበር፣ ዋጥኩት።

ዝም አሉ። ምን ያህል እንደቆዩ አላውቅም። ዶሮዎች በእግሬ መካከል ሄዱ። እንዲሰድቡኝ ፈለግሁ፣ እንዲመቱኝም ፈለግሁ፤ ከዝምታው የባሰ አልነበረም። በሕይወቴ ከያዝኩት አቋቋም ሁሉ የከበደኝ ያ መቀመጥ ነው። ግን ቆየሁ። ከዚህ ብሄድ ሸሽቼ እንጂ ወጥቼ እንደማይሆን አውቄው ነበር።

«ያን ሰሞን የአድማው ልጆች እዚህ መጥተው ነበር» አሉ በመጨረሻ፣ ችካሉን እያዩ። «ማን ነው የዘጋብዎት? አሉኝ። ሱቁን ሊያቃጥሉት። እኔ ሱቁ ሰው አልነበረበትም አልኳቸው። ባለቤቱ የለም፣ መዝጊያው ራሱ ነው የወረደው አልኩ።» ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሚስቴም ጠየቀችኝ። ለእሷም እንዲሁ አልኩ። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ለሚስቴ ዋሽቼ አላውቅም ነበር። ከዳሌዬ ይልቅ እሱ ከበደኝ።»

ሱቄን ያዳነው ዘዴዬ አልነበረም። ቦይ ውስጥ የጣልኳቸው ሰውዬ አልጋ ላይ ሆነው ነው ያዳኑልኝ፤ እኔም በዚያ ሱቅ ውስጥ ቆሜ ብልጠቴን ሳደንቅ ከርሜያለሁ። ለምን እንደዋሹልኝ አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

«መጥተህ ‹ነበርኩ› ብለህ ውሸታም እስክታደርገኝ ነው የጠበቅሁህ» አሉ። «ቆየህ።»

እጃቸውን ዘረጉ። ዱላውን በሁለት እጄ ሰጠኋቸው። ገልብጠው ጫፉን አዩ፤ ቧንቧውን በጣታቸው ነቀነቁት። «ላልታለች» አሉ። ይቅር ብዬሃለሁ አላሉኝም። እስካሁንም አላሉኝም። እኔም አልጠብቅም።

ሕመሙ አሁን አልፎ አልፎ ይመጣል። ሲመጣ ተቀምጬ እጠብቀዋለሁ፣ ይሄዳል። ድነሃል ወይ ብትሉኝ፣ ልቤ ድኗል፤ ፊቴ ግን ኦቦ ለሚን ሳስብ ይግላል። እሱን የሚያድን ኪኒን አልጠየቅሁም፤ እንዲተወኝም አልፈልግም።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ከተማው እንደገና ወሬ ወሬ ይሸት ነበር። ጎረቤቶቼ መዝጊያቸውን ግማሽ አድርገዋል፤ የእኔን አከፋፈት። እኔ የእኔን እስከ ላይ ድረስ ከፈትኩት። ባዶውን የቀለም ባልዲ ገልብጬ ከውስጥ በኩል አስቀመጥኩና እኔም ከጠረጴዛዬ ኋላ ተቀመጥኩ። መዶሻውንና የቧንቧ ቁራጩን አዘጋጅቻለሁ። ረፋድ ላይ ከሩቅ ቀጭ፣ ቀጭ ሲል ሰማሁ፤ ቀስ እያለ፣ በአንድ እግር እያነከሰ። ልቤ ዘለለ። አልተነሳሁም፣ አልጠራኋቸውም።

ደጃፉ ላይ ቆሙ። ቀና ብለው መዝጊያውን እስከ ላይ ድረስ አዩት፤ ብዙ ቆዩ። ከዚያ ጎንበስ ሳይሉ ገቡ።